ስለ አባትህ ለመጻፍ ስትነሳ፦ ከመጀመሪያው ደብተር እስከ ረቂቁ

ደሴ ውስጥ ጽሑፍ የሚሞክሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ስለ አባቴ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ይሉኛል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ገመና ማውጣት አይሆንብኝም?» ይላሉ። ኮምቦልቻ ስወርድም ጥያቄው ያው ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከማስረዳ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ይህ መመሪያ ከአባቱ ጋር ነገሩ ላልጠራለት ልጅ ነው። አባትህ ጥሎ ሄዶ ይሆናል። አንድ ቤት እየኖራችሁም ሳታውቀው ያደግክ ይሆናል። ተኳርፋችሁ ይሆናል፤ ወይ ሳትታረቁ ሞቶ ይሆናል። መንገዱ ለሁሉም ይሠራል። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የቆሙት አንድ ነገር ላይ ነው፦ በዓይንህ ያየኸውን፣ ከሰው የሰማኸውንና የምትገምተውን ለይቶ መጻፍ። ሦስቱ ከተደባለቁ ጽሑፉ ወይ ክስ ይሆናል፣ ወይ ውዳሴ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት ባለ 50 ሉክ ደብተር። አንዱ ለዘመን መስመር፣ ሌላው ለትዝታ።
- ድምፅ የሚቀዳና በቂ ቦታ ያለው ስልክ።
- ትልልቅ ፖስታዎችና ለስላሳ እርሳስ። ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፍ፤ ቀለሙ ውሎ አድሮ ፎቶውን ያበላሻል።
- የምታገኘው ወረቀት ሁሉ፦ የተማሪ ካርድ፣ ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ የአባትህ የድሮ መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የዕድር ደብተር፣ የጡረታ ወረቀት፣ ካለም የፍርድ ቤት ውሳኔ።
- ከቤተሰብ ውጭ የሆነ፣ አፉን የሚጠብቅ አንድ አንባቢ።

1. አንድ ጥያቄ ምረጥ

የአባትህን ሙሉ ሕይወት ለመጻፍ አትነሳ። አትዘልቀውም። አንተን እንቅልፍ የሚነሳህን አንድ ጥያቄ ምረጥና የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፈው። «አሰብ ብሎ የወጣ አባቴ ለምን ሌላ ቤት ሠራ?» «ታላቅ ወንድሜን ሲያስተምር እኔን ለምን ጋራዥ አስገባኝ?» «ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ለምን አንነጋገርም?» እንዲህ ያለ ጥያቄ የትኛው ትዝታ እንደሚገባና የትኛው እንደሚቀር ይነግርሃል።

«አባቴ ለምን ክፉ ሆነ?» የሚለው አይሠራም። መልሱን ይዞ የመጣ ጥያቄ ነው።

2. ሰው ከመጠየቅህ በፊት ወረቀት ሰብስብ

ባዶ እጅህን ሄደህ «እስቲ ያኔ ስለነበረው ንገረኝ» ብትል መልሱ «ረሳሁት» ነው፤ ካልሆነም «ሆድ ይፍጀው» ነው። አንድ ፎቶ ይዘህ ሄደህ «ይሄ ከጎንህ የቆመው ማነው?» ብትለው ግን ወሬው ራሱ ይመጣል። ወረቀት ቀድሞ የሚሰበሰበው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚንቀው የተማሪ ካርድን ነው። እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው። ካርዱን ገልብጠህ የወላጅ ፊርማ የሚለውን ቦታ በየዓመቱ ተመልከት። አንደኛ ክፍል ላይ የአባትህ ፊርማ አለ። ሦስተኛ ክፍል ላይ የእናትህ ነው። አምስተኛ ላይ የአጎትህ። ሰባተኛ ላይ ራስህ አስመስለህ የፈረምከው። በእነዚህ ካርዶች ላይ አባትህ ከቤት መቼ መራቅ እንደጀመረ ተጽፎልሃል ማለት ነው። ካርዱ ከጠፋብህ የተማርክበት ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ሄደህ ጠይቅ። ፊርማው እዚያ አይኖርም፤ ዓመቱንና ክፍሉን ግን ታገኛለህ።

በ2014ቱ ጦርነት ቤቱ ተዘርፎ ወረቀት ያልቀረለት ሰው ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ነው። እንደዚያ ከሆነ የዘመድና የጎረቤት አልበም ዙር። በሰው ሠርግ ፎቶ ላይ አባትህ ከኋላ ቆሞ ይገኛል።

ያገኘኸውን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሳው። ዋናውን ለባለቤቱ መልስ።

3. የዘመን መስመር አውጣ

ይህ ደረጃ አሰልቺ ይመስላል፤ ግን የሚዘለል አይደለም። ዓመት የተሳሳተ ትዝታ የማይገባውን ሰው ጥፋተኛ ያደርጋል። «የታመምኩ ጊዜ አልነበረም» ያልከው አባት ያኔ ገና በግዴታ ውትድርና ላይ ከሆነስ?

የአንደኛውን ደብተር ገጽ በመስመር ለሁለት ክፈል። በግራ አገር የሚያውቀውን ነገር አስፍር፤ በቀኝ የቤታችሁን። የእኛ አባቶች ዓመተ ምሕረት ቆጥረው አይነግሩህም። «ከድርቁ በፊት»፣ «ትርፍ ቤት በተወረሰ በዓመቱ»፣ «ኢሕአዴግ ሲገባ» ነው የሚሉህ። ስለዚህ በግራ በኩል እነዚህን አስቀምጥ፦

- 1966፦ የወሎ ድርቅና አብዮቱ
- 1967፦ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ፤ ሐምሌ ላይ የትርፍ ቤት አዋጅ
- 1977፦ ሁለተኛው ድርቅ
- ግንቦት 1983፦ የደርግ መውደቅ
- ግንቦት 1990፦ የኤርትራ ጦርነት መጀመር፤ የአሰብ መስመር መዘጋት
- ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014፦ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ የገባበት

አሰብ መስመር ይሠራ የነበረ አባት ያለው ልጅ 1990ን አስምርበት። በዚያ ዓመት ብዙ ሾፌር መስመሩን ወደ ጅቡቲ ቀይሯል። መስመር ሲቀየር የሚታደርበት ከተማ ይቀየራል፤ የቤት ወጪም ይቀየራል። «አባቴ ድንገት ተለወጠብኝ» የምትለው ዓመት ከዚህ ጋር ይገጥም እንደሆነ እይ።

የቀን ጥንቃቄ። ከውጭ የመጣ ወረቀት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ቀንስ። የሳውዲ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ላይ የምታየው ደግሞ የሂጅራ ቀን ሊሆን ይችላል፤ እሱ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚያጥር እንዲሁ በመቀነስ አይገኝም፤ በመቀየሪያ ፈልገው። «የተመለሰው በረመዳን ነው» ካሉህ ዓመቱን እስካላወቅክ ድረስ ክረምት ይሁን በጋ አትወስን፤ ረመዳን ይዞራል። «ፍልሰታ ላይ ነው» ካሉህ ግን ነሐሴ መጀመሪያ ነው፤ ዝናብ ብለህ መጻፍ ትችላለህ።

4. ትዝታህን ለሦስት ከፍለህ ጻፍ

ሁለተኛውን ደብተር አውጣና ገጹን በሦስት ዓምድ ክፈለው፦ ያየሁት፣ የሰማሁት፣ የምገምተው። አንድ ትዝታ አንስተህ ዓረፍተ ነገሩን አንድ በአንድ በየቦታው አስቀምጥ።

ለምሳሌ «አባቴ ሰክሮ መጥቶ እናቴን ሲያስለቅስ አደረ» የሚል ትዝታ አለህ እንበል። በሩ ሲንኳኳ ሰምተሃል፤ ያየሁት ውስጥ ይግባ (በጆሮህ የሰማኸው ድምፅም እዚሁ ነው)። እናትህ ጠዋት ዓይኗ አብጦ ነበር፤ ይህም ያየኸው ነው። ሰክሮ እንደነበር የነገረችህ ግን አክስትህ ናት፤ የሰማሁት። ያስለቀሳት እሱ መሆኑ? ምናልባት ያን ሌሊት የመጣው መርዶ ይዞ ነው። ይህ የምገምተው ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። ዕድሜ ልኩን እንደ እውነት የያዘው ነገር ወደ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓምድ ሲገባ ያያል። ይህ ትዝታህን ዋጋ አያሳጣውም። ማንን ሄደህ መጠየቅ እንዳለብህ ግን ያሳይሃል፤ የሰማሁት ውስጥ ያለው ሁሉ የሚጠየቅ ሰው አለው።

ማስጠንቀቂያ። ልጅነትህ ድብደባ የነበረበት ከሆነ ይህን ደረጃ በአንድ ተቀምጦ አትጨርሰው። በቀን ብርሃን ጻፍ፤ አንድ ትዝታ ጽፈህ ተነስ። እንቅልፍ ከነሳህ ወይም ሥራህን ካወከ አቁመህ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግር። መጽሐፉ ይቆያል።

5. አባትህን አናግር

በሕይወት ካለ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚጠቅመውም ይኸው ነው።

ፊት ለፊት አስቀምጠህ አትጠይቀው። ፊት ለፊት የሽምግልና አቀማመጥ ነው፤ የተከሰሰ ይመስለዋል። ጎን ለጎን ሁኑ። አጥር ሲጠግን አግዘው። ወይም አንድ ቀን ጠዋት ሚኒባስ ይዛችሁ በሐረጎ በኩል ኮምቦልቻ ውረዱ። ሾፌር የነበረ ሰው በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ዝም ብሎ አይሄድም። «እዚህች ጋ ፍሬን እንቢ ብሎኝ…» ብሎ ራሱ ይጀምራል። አንተ መስኮቱን እያየህ ስማ።

ቤት ውስጥ ከሆነ ቡና ጥሩ ነው። አቦል ላይ ዝም በል፤ የሰፈር ወሬ ይውጣ። ቶና ላይ ፎቶውን አውጣ። እንግዳ ካለ ግን ተወው፤ በሰው ፊት የተጠየቀ አባት የሚመልሰው ለሰዎቹ ነው። በጫት ላይ የሰማኸውንም በማግስቱ በድጋሚ ጠይቅ። በምርቃና የተነገረ ነገር ይሰፋል፤ ጠዋት ላይ «እንዲህ ብለህ ነበር?» ብለህ ማረጋገጥ ለሁለታችሁም ደግ ነው።

«ለምን» የሚለውን ለመጨረሻ አቆየው። ከልጅ አፍ «ለምን» ሲወጣ ድፍረት ይመስላል። «የት ነበር የምታድሩት?»፣ «ደመወዙ ስንት ነበር?»፣ «ያን ቀን ከማን ጋር ነበርክ?» ብለህ ጀምር። ትንንሽ ጥያቄ ትልቁን ይዞ ይመጣል። ከመለሰ በኋላም ቶሎ ሌላ አትጠይቅ። ዝም ሲል አብረህ ዝም በል፤ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው የሚወጣው።

ድምፅ የምትቀዳ ከሆነ አስፈቅደው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገው እንጂ ኪስህ ውስጥ አትደብቀው። አልፈልግም ካለ በዚያው ማታ ሳትተኛ ጻፈው። «ይሄ በእኔና በአንተ መሀል ይቅር» ካለህ ደብተሩ ላይ ከጎኑ «አደራ» ብለህ ጻፍና አትጠቀምበት። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። አደራ የበላ ልጅ ሁለተኛ ወሬ አያገኝም፤ ዕድርተኛውም ዘመዱም በሩን ይዘጋበታል።

አባትህ ከሞተ ረዳቱ የነበረውን፣ አብሮት ሺፍት የገባውን፣ የዕድር ጸሐፊውን ፈልግ። የንስሐ አባቱን ግን ስለ ኑዛዜው አትጠይቅ፤ ሊነግሩህ አይችሉም፤ መጠየቁም ያስቀይማል።

6. ፍርዱን አቆይና ትዕይንቱን ጻፍ

አሁን መጻፍ ጀመርክ። አብዛኛው የመጀመሪያ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

«አባቴ ስለ እኔ ግድ አልነበረውም። ትምህርቴን ጠይቆኝ አያውቅም። ከሥራው በቀር ምንም አይታየውም ነበር።»

ይህ ፍርድ ነው። አንባቢው ወይ ያምንሃል ወይ አያምንህም፤ የሚያየው ነገር ግን የለም። ለማሳያ ያህል ያዘጋጀሁትን ይህን አንብብ፦

«ከአሰብ የገባው ማታ ነው። መኪናውን ሸዋበር አቁሞ በእግሩ መጣ። እናቴ ውሃ አሞቀች። እኔ ጣሳውን ይዤ እግሩ ላይ አፈሳለሁ። ካርዴ ኪሴ ውስጥ ነው። ሦስተኛ ወጥቻለሁ። እግሩን ታጥቦ ሲጨርስ አውጥቼ ሰጠሁት። ገልብጦ ጀርባውን አየ። «እስክሪብቶ አለህ?» አለኝ። ፈረመና መለሰልኝ። በፊት በኩል አላየውም። የእጁ እርጥበት ቀለሙን አፍስሶታል።»

«ግድ የለውም» የሚል ቃል የለበትም። ልጁ ግን ሲጠብቅ ይታያል፤ አባትየውም ከመንገድ ገብቶ፣ ደክሞት፣ ቢሆንም ፈርሞ ይታያል። ጥፋቱና ድካሙ አንድ ላይ አሉ። ውስብስብ የምንለውን ግንኙነት የሚያሳየው ይህ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ትዕይንት ውስጥ ማቆየት።

ትዕይንት ስትጽፍ አራት ነገር ይኑር፦ ቦታ፣ ሰዓት፣ እጅ የሚይዘው አንድ ዕቃና አንድ የተነገረ ቃል። የተነገረውን ቃል በትክክል የማታስታውስ ከሆነ በትእምርተ ጥቅስ አታስገባው። «እንዲህ ያለ ነገር አለኝ» ብለህ እለፍ። አንባቢ ይህን አይጠላም፤ ይልቅ ሌላውን እንዲያምንህ ያደርገዋል።

7. የአባትህን ዕድሜ አስላ

በእያንዳንዱ ትዕይንት ጠርዝ ላይ ያን ቀን አባትህ ስንት ዓመቱ እንደነበር ጻፍ። የዘመን መስመሩ ስላለህ አይከብድህም። በቀበቶ የገረፈህ ሰው የ26 ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ታገኘዋለህ። ምናልባት አንተ ዛሬ ከእሱ ትበልጣለህ። ቁጥሩ ድርጊቱን አያጸዳውም፤ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሰው ግን ልኩን ያስይዘዋል። ልጅ ሆነህ ያየኸው ግዙፍ ሰው ነበር፤ የምትጽፈው ግን በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ደመወዝ፣ በዚያ ዓመት የነበረውን ሰው ነው።

ከዚያ አንድ ትዕይንት ምረጥና እሱ ከቆመበት ቦታ ሆነህ ደግመህ ጻፈው። ምን ይፈልግ ነበር? ማንን ይፈራ ነበር? ይህ ለመጽሐፉ ሳይሆን ለአንተ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ማስገባት ከፈለግክ «እንደምገምተው» ብለህ አስገባ።

8. «መጣ» ወይስ «መጡ»?

መጀመሪያ ላይ ወስን። አባትህን ሕይወትህን ሙሉ «አንቱ» ስትለው ኖረህ መጽሐፉ ላይ «መጣ፣ በላ፣ ሄደ» ብትል ቤተሰቡ ገና በመጀመሪያው ገጽ ይቀየምሃል። በሌላ በኩል የአምስት ዓመት ልጅ ሆነህ «አንተ» ስትለው የነበረውን «መጡ» ብትል ትዕይንቱ ይርቃል። እኔ የምመክረው ንግግሩን በነበረበት መተው ነው፤ ትረካውን ግን ከሁለቱ በአንዱ መጨረስ። በትረካው መካከል የምትቀይር ከሆነ ምክንያት ይኑርህ፦ ከተኳረፋችሁ በኋላ፣ ወይ ካረጀ በኋላ። ሳታውቀው የተቀየረ ከሆነ ግን ስህተት ነው። ረቂቁን ጮክ ብለህ ስታነብ ጆሮህ ይይዘዋል።

9. ስም፣ ገመናና ሕግ

ደራሲዎች «ስሙን ቀይረው» ሲሉ ትሰማለህ። ለጎረቤት፣ ለአስተማሪ፣ ለአክስት ይሠራል። ለአባት ግን አይሠራም፤ ሽፋኑ ላይ ከስምህ ቀጥሎ ያለው ስም የእሱ ነው። ደሴ ደግሞ ሙጋድ የተወራ ሳይመሽ ፒያሳ የሚደርስባት ከተማ ናት። ስለዚህ ምርጫህ ሁለት ነው፦ በብዕር ስም ማውጣት፣ ወይም አባትህ እንደሚታወቅ አምነህ ለእያንዳንዱ ነገር መልስ ይዘህ መጻፍ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 613 ስም ማጥፋትን ያስቀጣል፤ የተባለው ነገር እውነት መሆኑ ብቻውን ሁልጊዜ አያድንም። ወንጀል፣ ሱስ፣ ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ የሚነካ ገጽ ካለህ ከማሳተምህ በፊት ጠበቃ ያንብበው። የውርስ ክርክር ላይ ከሆናችሁ ፍርድ ቤቱ እስኪጨርስ ምንም አታውጣ፤ የጻፍከው ለክርክሩ ሊቀርብ ይችላል። በለቅሶ ቀን የተገኘ ወንድም ወይም እህት ካለህ ደግሞ ስለ እነሱ የምትጽፈውን አስቀድመህ አሳያቸው። መወለዳቸውን አልመረጡም።

10. አጋጥምና አስነብብ

ትዕይንቶቹን በወረቀት ላይ አትመህ መሬት ላይ ዘርጋ። የመጀመሪያውን ገጽ ጥያቄ እያየህ የማይመልሰውን አንሳ። ቅደም ተከተሉ የግድ ከልደት አይጀምርም፤ ጥያቄውን ከሚያነሳው ቀን ጀምር።

መጀመሪያ የሚያነበው ያ ከቤተሰብ ውጭ ያለው ሰው ይሁን። «ወደድከው?» አትበለው። «አባቴን የት ላይ አየኸው? የት ላይ እኔ ብቻ ነው የምናገረው?» በለው። ከዚያ እናትህ። ማንበብ የማይሆንላት ከሆነ ተቀምጠህ ጮክ ብለህ አንብብላት፤ «እሱ እንኳ እንዲህ አልነበረም» ያለችበትን ቦታ ምልክት አድርግ። ከአክስትህ የሰማኸው ብዙው ነገር እዚህ ይስተካከላል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ገና በተጣሉ ሰሞን መጻፍና በዚያው ሳምንት ፌስቡክ ላይ መለጠፍ። ጻፈው፤ ግን ፖስታ ውስጥ ይደር። የተለጠፈ ነገር ቢጠፋም ስክሪንሾት ይቀራል።
- እናትን ቅድስት ማድረግ። አባትየው ሰው ሲሆን እሷም ሰው ትሁን።
- መጨረሻ ላይ ያልነበረ ዕርቅ መጨመር። ካልታረቃችሁ አልታረቃችሁም፤ ጥያቄህ ያለ መልስ ከቀረ በዚያው አቁም።
- ምሳሌያዊ አነጋገር መደርደር። አባትህ ራሱ የሚለው ካለ እሱን ብቻ አስገባ።
- አንድ ቅጂ ብቻ መያዝ። ድምፁን ፍላሽ ላይም ቴሌግራም ላይም አስቀምጥ። ስልክ ይሰረቃል፤ የአባትህን ድምፅ ደግሞ እንደገና አትቀዳውም ይሆናል።